የጊደሯ ጥጃ

ልጄ ሐዊ፣ ጌታ ከዚያ አገር ብርድ ይጋርድሽ፤ በሰው ፊት ሞገስ ይስጥሽ። እኛ ደኅና ነን። ገብሱ አሽቷል፣ የአባትሽም ጉልበት ተሽሎታል።

ያ በስልክ ያስረዳሽኝ የባንክ ወለድ አሁን ገባኝ። እኔ እንደ ወተት ቆጥሬው በየዓመቱ እያለብኩ እጨርሰው ነበር። አንቺ ግን «እማዬ፣ ወተት አይደለም፣ ጊደር ናት፤ አትንኪያት ትርባ» አልሽኝ። ተውኩት። አሥር ሺው ብር በሰባት በመቶ አምና ሰባት መቶ አስገኘ፤ ዘንድሮ ሰባት መቶ አርባ ዘጠኝ። «አርባ ዘጠኙ ከየት መጣ?» ብዬ ባንክ ያለችውን ልጅ ብጠይቃት፣ «የአምናው ሰባት መቶ ያመጣው ነው» አለችኝ። የጊደሯ ጥጃ! ዕድሜ ልኬን ከብት ሳረባ ኖሬ፣ የከብትን ነገር አንቺ አስተማርሽኝ። እንዴት ኮራሁብሽ!

ግን በቪዲዮ ሳይሽ፣ የለበስሽው ካፖርት ከአሰላ ይዘሽው የሄድሽው ነው። ያገኘሽውን ሁሉ ለእኛ ትልኪያለሽ። ላም ሙልጭ ተደርጋ ከታለበች ጥጃዋ ምን ይጠባል? እባክሽ፣ የዚህን ወር አትላኪ፤ በራስሽ ስም አስቀምጪው።

እጅሽ ይባረክ። አንቺም ጊደር ይኑርሽ።

እናትሽ ታየች