ርካሹ ታብሌት፣ ውዱ ታብሌትና የኑሪያ ኸትም

ሰኞ፣ ጥቅምት 10። ከሱብሂ ሶላት በኋላ

ዛሬም ግማሽ ገጽ አልሞላም። የያሲን ሱራ መግቢያ ላይ ነኝ። ከሳምንት በፊትም እዚሁ ነበርኩ። ቁርኣኑን ወደ መስኮቱ አዞርኩ፣ አቀረብኩ፣ አራቅኩ። ነጥቦቹ ይዋጣሉ። ባ ይሁን ታ እንጃ።

አንተም ላይ፣ ማስታወሻዬ፣ በወፍራም እስክሪብቶ ነው የምጽፍብህ። እጄ መንገዱን ያውቃል። ተመልሼ ላንብብህ ብል አልችልም።

ሚስቴ ኑሪያ አልጋ ላይ ሆና የለመነችኝ አንድ ነገር ነው። ስሞት አንድ ኸትም ቅራልኝ፣ ሙሉውን ቁርኣን፣ በራስህ ዓይን፣ በራስህ አፍ፣ ሰው እንዳትቀጥር። እሺ አልኳት። ከሞተች በኋላ ሁለት ዓመት ስፌት በዛብኝ እያልኩ አቆየሁት። ያኔ ክር መርፌ ውስጥ በአንድ ጊዜ ነበር የማስገባው። አሁን ስፌት የለም፣ ጊዜ አለ፤ ጀምሬ እስከ ያሲን ደረስኩ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11። ከዙሁር በኋላ

ረምላ መጣች። የኑሪያ ታናሽ እህት፣ አቦከር ሰፈር ነው ቤቷ፣ ት/ቤት ታስተምራለች። ቁርኣኑን አፍንጫዬ ላይ ለጥፌ አገኘችኝ። እየቀራህ ነው እያሸተትክ? አለችኝ። ታብሌት ግዛ አለች፤ ፊደሉን እንደ ጥፍርህ ታሳድገዋለህ።

ኤረር በር አጠገብ ዚያድ ሱቅ ሄድን። የሰርጉን ሱፍ እኔ ነኝ የሰፋሁለት። ሁለት ታብሌት አወጣ። አንዱ ርካሽ፣ ጀርባው ፕላስቲክ። አንዱ ውድ፣ ቀጭን፣ ሲይዙት ይቀዘቅዛል።

“አባባ፣ ይሄ ባጃጅ ነው፣ ያ ቪኤይት ነው” አለኝ።

“እኛ ሰፈር ቪኤይት አይገባም” አልኩት።

ሳቀ። ሁለቱንም ይውሰዱ፣ እስከ ሐሙስ ይሞክሩ አለ። ዋጋውን በጆሮዬ ነገረኝ። ርካሹን እንደምንም እችላለሁ። ለውዱ ግን የልብስ ስፌት መኪናዬን መሸጥ አለብኝ። አርባ ዓመት ከእግሬ ሥር ያልጠፋች መኪና ናት። ማታ ዱዓ ሳደርግ ርካሹ እንዲበቃኝ ለመንኩ። እንዲህ ያለ ነገር ይለመናል? እንጃ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12። ጠዋት 2 ሰዓት

ማወዳደር ጀመርኩ። እንደ ሶላት ታጥቤ፣ ውዱእ አድርጌ ነው የምይዛቸው። ረምላ ለታብሌት ግዴታ አይደለም ትላለች። ቢሆንም።

ርካሹ፦ እጄ እርጥብ ከሆነ አይታዘዘኝም። ትንሽ ዘንበል ሲል ይነጣል። ፊደሉን ሳሳድገው ያስባል፣ ያስባል፣ ከዚያ ይመጣል። በመሃል የቁማር ማስታወቂያ ወጣበት። የአላህ ቃል መሃል ላይ ኳስ የሚመታ ሰው። አስተግፊሩላህ ብዬ በጨርቅ ሸፈንኩት። ረምላ ስደውልላት ኔቱን ዝጋው አለች። ዘጋሁት፣ ተወኝ።

ውዱ፦ ብርሃኑ አያቃጥልም። የፊደሉ ጫፍ እንደ አዲስ መቀስ ነው። ከየትም ብታየው ያው ነው።

ዞሮ ዞሮ ግን ያሲንን በሁለቱም ላይ ቀራሁ። በርካሹም ሳልሰናከል። ሰማህ? ሳልሰናከል! መኪናዬ ተረፈች። አልሐምዱሊላህ። ለኑሪያም የቀረው በወር ያልቃል።

ረቡዕ፣ ያው ቀን። ከዐስር በኋላ

ረምላን ጠርቼ በርካሹ ቀራሁላት። ሰማች። እስከ መጨረሻው። ከዚያ የምትቀራው ምንድነው አለች። ያሲን አልኳት።

“አቦ፣ የተከፈተው ሰበእ ነው።”

ገጹን በተቃራኒ ገፍቼው ኖሯል። ሁለት ሱራ ወደ ኋላ። ያሲንን ከልጅነቴ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ዓይኔ ገጹ ላይ፣ አፌ ግን በራሱ መንገድ። ጠዋትም እንዲሁ ነበር ማለት ነው። በሁለቱም ላይ አንድ ፊደል አላነበብኩም።

አልሳቀችም። ብትስቅ ይሻለኝ ነበር።

ከያሲን ቀጥሎ ያለውን ሷፋትን ከፈተችልኝ። እሱን በቃሌ አላውቀውም። ርካሹ ላይ፣ ጭቃ። ውዱን አምጪው አልኳት፣ መኪናዋ ትሸጥ። ውዱ ላይ የመስመሩ ዳር ዳር ጥርት ብሎ ታየኝ። መሃሉ ባዶ። ፊደሉን ስታሳድገው ባዶው አላነሰም። ቃሉ እየገዘፈ ሄዶ እባዶው ውስጥ ገባ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13። ቀን

ሐኪም ቤት፣ ከረምላ ጋር። ዶ/ሩ ልጅ እግር ነው፣ ትሑት። መነጽር አይረዳዎትም አለኝ። የአንዱ ዓይንዎ የሄደው አይመለስም፣ ሌላውም እየተከተለ ነው። ታብሌት ብገዛስ? አልኩት። ረምላን አያት።

ታብሌቶቹን ለዚያድ መለስኩ። የቱ ተሻለ አባባ? አለኝ። ያንተ ዕቃ ሁለቱም ደህና ናቸው አልኩት።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14። ከጁምዓ በኋላ

ረምላ መላ አምጥታለች። ከስልክ ላይ ቃሪው ይቅራ፣ አንተ ከኋላው በል አለች። ሞከርኩ። አንድ አንቀጽ ሳልጨርስ እሱ ሌላው ላይ ነው። አንደበቴ ይከተላል፣ ልቤ ወደ ኋላ ይቀራል።

ኑሪያ ለምን ሰው እንዳትቀጥር አለችኝ? አውቀዋለሁ፣ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። እናቴ ስትሞት ደረሳዎች፣ የቁርኣን ተማሪዎች፣ ቀጥሬ ቁርኣኑን ተካፍለው እንዲቀሩላት አደረግኩ። እነሱ እላይ ቤት ሲቀሩ እኔ እታች መኪናዬ ላይ ነበርኩ፤ የበዓል ልብስ ነበረብኝ። ኑሪያ ለደረሳዎቹ ሻይ ይዛ ስትወጣ በአጠገቤ አለፈች። አየችኝ። ሠላሳ ዓመት ምንም አላለችም።

ለሷ ደግሞ ዓይን እያለኝ ሁለት ዓመት አሳለፍኩ። አላህ ዓይኔን ስለዚህ ወሰደው አልልም። እሱን ማወቅ የኔ አይደለም። ያቆየሁት ግን እኔ ነኝ።

እሑድ፣ ጥቅምት 16። ከሱብሂ በኋላ

ሌሊቱን የቀረኝን ቆጠርኩ። እስከ ያሲን ጨርሻለሁ። የመጨረሻው ጁዝእ፣ ከሠላሳው ክፍል አንዱ፣ በቃሌ ነው፣ እሱን ዛሬ እቀራዋለሁ። መሃል ላይ ሰባት ጁዝእ ይጎድላል። አይሞላም። ይሞላል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ ብል ውሸት ነው።

ረምላን ጠየቅኳት። ሰባቱን ቅሪላት፣ አጠገብሽ ተቀምጬ ልስማ አልኳት። እህቴም አይደለች? አለች። እሺ አለች። ዱዓው ላይ ሙሉ ኸትም አድርሰናል በል፣ አላህ ልብህን ያውቃል አለችኝ።

አልልም። ቆርጫለሁ። ስንጨርስ ኑሪያ ቀብር ሄጄ እነግራታለሁ፦ እስከ ያሲን እኔ ነኝ፣ መጨረሻው እኔ ነኝ፣ መሃሉ የረምላ ነው። ያንቺ ኸትም አልደረሰም።