ለአስተርጓሚው፣ መንገድ ስለሚለቁት ተከላካዮቻችን

ዲላ፣ ጥር ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ሠረቀብርሃን፣ የካፒታኖው አስተርጓሚ፣ የዲላ ኳስ ቡድን ሹም፣ በዚያው ቡድን የመሐል ተጫዋች፣ ሌላም ያልሰማሁት ሹመት ካለ የዚያም ባለቤት፤

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው ስለ ጉሮሮዎ ጤና ነው፤ ሁለት ቋንቋ ጠዋት ማታ የሚመላለስበት ጉሮሮ እንደ ካሚዮን መንገድ አቧራ አያጣውምና። እኔ ከአሥሩ ጣቶቼ በቀር ደህና ነኝ። ጣቶቼ ያበጡት ባለፈው እሁድ በረኛ ሆኜ ስለዋልኩ ነው፤ በዚያ ቀን የገባብኝን ጎል የቆጠርኩትም በማታው ትምህርት እስከተማርኩት ቁጥር ድረስ ብቻ ነው፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ክቡርነትዎ ይጨርሱልኝ።

ይህን ደብዳቤ ማን ጻፈለት ብለው እንዳይደክሙ፣ የጻፍኩት እኔው ነኝ። እስካለፈው ፍልሰታ በአውራ ጣቴ ስፈርም የኖርኩት ሰው፣ መሪጌታ ተክለማርያም በሜዳው ዳር ባለችው ጎጆ ማታ ማታ ባስተማሩኝ ፊደል ዛሬ እንዲህ አድርጌ እጽፋለሁ። መሪጌታ ራሳቸው «ወልዱ፣ እጅህ አፍህን ሊቀድም ነው» ብለውኛል፤ አፌን ለሚያውቅ ሰው ይህ ትልቅ ምስክርነት ነው። በገበያው ዋርካ ላይ በእሾህ የሰካሁትም የሚያነበው ለማያነበው እንዲያነብለት ብዬ እንጂ ክቡርነትዎን ለማሳጣት አይደለም፤ ማሳጣቱ በራሱ ጊዜ ይመጣል።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ካፒታኖው የተናገሩትን ክቡርነትዎ እዚሁ ዋርካ ሥር ቆመው ሲተረጉሙልን፣ መጀመሪያ ከጣልያን መካኒኮች ጋር ሙከራ እንደምናደርግ፣ በሳምንቱ እሁድ ግን ከወታደሮቹ ቡድን ጋር እንደምንገጥም ነገሩን። ካልተሸነፍን ሜዳው የከተማው ሆኖ ይቀራል፤ ከተሸነፍን የካሚዮን ማቆሚያ ይሆናል፣ የመሪጌታም ጎጆ ትፈርሳለች። በመጨረሻም «ካፒታኖው ጠንካራ ጨዋታ ይወዳሉ፣ የሚሸሽ ሰው አይወዱም» ብለው አከሉበት። ትርጉምዎ ግሩም ነበር፤ እኛም እውነት መስሎን ደስ አለን። የሙከራው ቀን አልፏል፤ የቀረን የፊታችን እሁድ ነው። ስለዚህ መከላከያችን ምን እንደሚመስል፣ ከኋላው ቆሜ ከማንም ይልቅ ያየሁት እኔ፣ በተራ ቁጥር ለማቅረብ እደፍራለሁ።

፩ኛ/ በቀኝ በኩል ስላቆሙልን ስለ ይርጉ። ይርጉ የቡና ጆንያ ተሸካሚ ነው፤ ተሸክሞ ሲመጣ በሬ እንኳ መንገድ ይለቅለታል። እሁድ ዕለት ግን የመካኒኮቹ ወጥ ሠሪ፣ ያ ሆዱ ከኳሷ ቀድሞ የሚደርሰው ሰውዬ፣ እያለከለከ ሲመጣበት ይርጉ እንደ ዘወትሩ ከመንገድ ወጣ። ጣልያን ሲያልፍ ዳር መቆም የለመደ እግር ሜዳና ጎዳና አይለይም። ባርኔጣውን አውልቆ፣ ደረቱ ላይ ለጥፎ፣ ተገትሮ ቆመ። ወጥ ሠሪው ራሱ ደንግጦ «ግራሲዬ» ብሎት አለፈ፤ እኔን ግን ሳያመሰግን አገባብኝ። ይህን የመሰለ ጨዋ ሰው መርጠው ስላቆሙልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ ለበረኛ ግን ጨዋ ተከላካይ በክረምት እንደሚያፈስ ጣሪያ መሆኑን በትሕትና አስታውሳለሁ።

፪ኛ/ በግራ በኩል ስላለው ስለ ባልቻ። ባልቻ ከቡሌ ቀርከሃ ተሸክሞ ቁልቁል የሚወርድ የጌዴኦ ልጅ ነው፤ የጎላችንን ቋሚዎች ያመጣልን እሱ ሲሆን አጠገባቸው ቢተከል ሦስተኛ ቋሚ ይወጣዋል። እሱ መንገድ አይለቅም። የሱ ችግር ቀኝ እጁ ነው። ጣልያን ፊቱ በደረሰ ቁጥር እጁ በታዘዝነው ሰላምታ መሠረት ወደ ሰማይ ይዘረጋል፣ ኳሷም መጥታ እጁን ትመታለች፣ ዳኛውም ጣልያኖቹ ሪጎሬ የሚሉትን ቅጣት ይሰጣል፤ ይኸውም ኳሷን ከአፍንጫዬ ፊት ተክለው እኔን እንደሚረሸን ሰው ብቻዬን የሚያቆሙበት ነው። አንዱን አዳንኩ። እሱን ያላየ ሰው እሁድ ዲላ ነበርኩ ብሎ እንዳያወራ። የቀሩትን ግን መረባችን የመሪጌታ አሮጌ ነጠላ ስለሆነ ቀዳድደውት ወጡ።

ሰው ሁሉ በባልቻ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ኋላ ግን ትዝ አለኝ። አምና ገበያ መሐል ቀርከሃውን በሁለት እጁ እንደያዘ ሹማምንቱ አለፉ፣ እጁም ስላልተነሣ ተገረፈ። «ለምን እንደምትገረፍ ገብቶሃል?» የሚለውን ጥያቄ በጠራ አማርኛ የተረጎሙለት ክቡርነትዎ ነበሩ። ባልቻ ያን ጊዜ አማርኛው እምብዛም ስላልነበር የገባው ለጀርባው ነው፤ ጀርባ የተማረውን ደግሞ እጅ አይረሳም።

፫ኛ/ ስለ መሐል ተጫዋቻችን፣ ማለት ስለ ክቡርነትዎ። ሰው በአንድ ጊዜ ለሁለት ቡድን መጫወት መቻሉን በዓይኔ ያየሁት ያን ዕለት ነውና አድናቆቴ ይድረስዎ። ኳስ በእግርዎ በገባች ቁጥር የጠፋች በግ ለባለቤቷ እንደሚመልስ ሰው ለጣልያኖቹ አስረከቡ፤ ሳያስቡት የአንዱን ቁርጭምጭሚት ቢነኩ ጎንበስ ብለው «ስኩዚ» እያሉ ይቅርታ ጠየቁ። ወደ እኛ ሲዞሩ ግን ያ የለሰለሰ ድምፅ ተለውጦ፣ ይርጉን «አንተ ደንቆሮ፣ ጌታው ሲያልፉ አታይም? ዞር በል!» ባልቻንም «እጅህን! እጅህን አንሣ፣ ኋላ ታስጨርሰናለህ!» ሲሉ በሁለት ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጠንካራ ጨዋታ የጠየቁት ካፒታኖ ግን ከሜዳው ዳር ሆነው፣ ይህ ምን ዓይነት ቡድን ነው በሚል አኳኋን ባርኔጣቸውን መሬት ላይ ሲፈጠፍጡ ነበር። እንግዲህ ያን ሁሉ ሰው ከመንገድ ያስወጣው የማን ትእዛዝ እንደሆነ እኔ ትንሹ ሰው አልናገርም፤ ጻፍኩት እንጂ።

፬ኛ/ የምንለማመድባት የቃጫ ኳስ ጤዛ ሲነካት የድንጋይ ታናሽ እህት ትሆናለች። ከላይ ካሉት ጋር ሲተያይ ግን ይህ በደል ሳይሆን ስጦታ ስለሆነ አልፌዋለሁ።

የፊታችን እሁድ የሚመጣብን ደግሞ ወጥ ሠሪ አይደለም። ሰርጀንቴ ብሩኖ ነው። በሰፈራቸው አጥር ቀዳዳ ሲለማመድ አይቼዋለሁ፤ በሁለቱም እግሩ ይመታል፣ አንድ ጊዜም ስቶ የፈረስ ጋጣ በር ገንጥሏል። ግራና ቀኝ የሚሮጡለት ሁለት ቀጫጭን ወታደሮች አሉ፤ እነሱ ሲያቀብሉት እሱ ዓይኑን ጎሉ ላይ አድርጎ ይጠብቃል። እንዲህ ያለውን አጥቂ መንገድ ለቆ፣ ባርኔጣ አውልቆ፣ እጅ አንሥቶ መቀበል ሙሽራ አጅቦ ወደ ጫጉላ ከማስገባት በምን ይለያል? እኔ ዲላ ያፈራችው አንደኛ በረኛ ነኝ፤ ይህን ራሴን ጨምሮ ብዙ ሰው ይመሰክራል። ቢሆንም ብቻዬን አልችለውም።

ክቡርነትዎ ፊደል ከቆጠሩ ብዙ ዘመን ስለሆነ፣ ስለ አንዲት የሣር ጎጆ ይህን ያህል መጮሄ ሊገርምዎ ይችላል። ባልቻ በማታው ትምህርት ገና «ረ» ላይ ነው። ከስሙ ውስጥ እስካሁን የያዘው መሐል ያለችውን «ል» ብቻ ነው፤ «ባ» እና «ቻ» ከፊቱ ይጠብቁታል። እሁድ ከተሸነፍን ካሚዮኖቹ የሚቆሙት በቀሩት ሁለት ፊደሎቹ ላይ ነው።

ስለዚህ አንዲት ነገር ብቻ ለካፒታኖው እንዲተረጉሙልን እማፀናለሁ፦ እሁድ ጨዋታው እስኪያልቅ ድረስ መንገድ ያልለቀቀና እጁን ያላነሣ ሰው አይገረፍም ብለው ካፒታኖው በሰው ፊት ቃል ይስጡን። ከዚያ በኋላ ብሩኖ ይምጣ። ይህም ለጉሮሮዎ ከከበደው ሌላ መላ አለን። ባልቻ ትናንት ቃጫ ገመድ ይዞልኝ መጥቶ፣ «ወልዱ፣ ወንድሜ፣ እሁድ እጆቼን ወደ ኋላ እሰርልኝ። እግሬን አምነዋለሁ፣ እጄን ግን አላምነውም» ብሎኛል። እንግዲህ ቃሉ ካልመጣልን አስሬው ይገባል። ጨዋታውን ሊያዩ የሚመጡት ጣልያን እንግዶችም ተከላካዩ ለምን እንደታሰረ ካፒታኖውን ሲጠይቁ፣ መልሱን እንደተለመደው ክቡርነትዎ ይተረጉማሉ።

ግንባርዎን ፀሐይ፣ ጫማዎን ጭቃ አይንካው እያልኩ፣ መጎንበስ የበረኛ ሥራ ነውና ጎንበስ ብዬ እሰናበታለሁ።

የዲላ ቡድን በረኛ ወልዱ፣ በገዛ እጄ፤
ይርጉ፣ በአውራ ጣቱ፤
ባልቻ፣ እስከደረሰበት ድረስ፦ ል

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ለካፒታኖው ወስደው ሊያስቀጡን ቢያስቡ መብትዎ ነው። ሆኖም በከተማው አማርኛ ወደ ጣልያንኛ የሚተረጉም ከክቡርነትዎ በቀር ማንም የለምና፣ ተራ ቁጥር ሦስት ላይ ሲደርሱ እንዳያንቅዎ ውሃ ይዘው ይግቡ።