ከጠያቂ ጋር የተጠጣ ቡና አይቆጠርም

ለክቡር ፕሮፌሰር ዶክተር ኔጃድ ታኖቪች
የአንጎል ዕጢ ምርምር ተቋም ዳይሬክተር
ወንዝ ማዶ፣ አዲሱ ሕንፃ፣ አራተኛ ፎቅ (ሊፍቱ ከተጠገነ)

እጅግ የተከበሩ ፕሮፌሰር፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የተከበሩ ባለቤትዎንና የልጆችዎን ጤና እየጠየቅሁ፣ ራስ ምታት የሚሉት ነገር በደጃፍዎ እንዳያልፍ፣ ካለፈም ደግሞ ወረፋ ሳይጠብቁ የሚመረመሩበትን ቀን አላህ እንዲያመቻችልዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ሙኔቬራ ሶፍቲች እባላለሁ፤ ከጫማ ፋብሪካ በጡረታ የተገለልኩ ጫማ ሰፊ ነኝ። ባለቤቴ ሬሻድ ከገበያው እስከ እርስዎ ተቋም በር ድረስ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ ተማሪ ሳሉ እርስዎንም ሳያመላልስ አልቀረም። ደብዳቤውን በጋዜጣ ላይ ያወጣሁት ለክብርዎ ስል ነው፤ በጸሐፊዎ በኩል የላክኋቸው ሁለቱ ምናልባት ሊፍቱ ውስጥ ተቀርቅረው ይሆናል።

ጉዳዩን ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ። ባለፈው ጸደይ የሬሻድ ግራ እጅ ብርጭቆ መያዝ አቃተው። አንጎሉ ውስጥ ዕጢ ተገኘ፤ በቀዶ ጥገና የሚወጣው ወጣ፣ የማይነካው እዚያው ቀረ። የቀረው እያደገ መሆን አለመሆኑን በኤም አር አይ ምስል መከታተል ግድ ነው። በዚያው ሰሞን የእርስዎ ተቋም ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ዕጢውን ያዘገየው እንደሆነ በሰው ላይ ሊያጠና ተነሣ። በአይጥና በብልቃጥ ውስጥ ተስፋ የሚሰጥ ነገር ታይቷል፣ በሰው ላይ ግን ማንም አያውቅም ብላችሁ ነገራችሁን፤ ይህን እውነት በመናገራችሁ ያለ ምንም ሽሙጥ አመሰግናለሁ። ለግማሹ በሽተኛ ካፌይን ያለበት እንክብል፣ ለግማሹ ባዶ እንክብል ይሰጣል፤ የትኛው ለማን እንደደረሰ በሽተኛውም አያውቅም። ጥናቱ ውስጥ የገባ ሰው ኤም አር አይ በየጊዜው ያለ ወረፋ ይነሣል። ሬሻድ ገባ። ለአይጥ ተስፋ የሰጠ ነገር ለሬሻድ ምን ያንሰዋል አልኩ።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ፤ ብዙ ስለሆነ በቁጥር አስቀምጬዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ጥያቄያችሁ አመሰግናለሁ። ነርሷ ኢንዲራ፣ አላህ ይባርካትና ጨዋ ልጅ ናት፣ ሬሻድን በፈገግታ ጠየቀችው። "አጎቴ፣ በቀን ስንት ስኒ ቡና ይጠጣሉ?"

"አንድ፣ ልጄ። ጠዋት በረንዳ ላይ።"

"ሌላ የለም?"

"የምን ሌላ? ልቤ ደካማ ነው" አላት።

እኔም አጠገቡ ተቀምጬ አንገቴን ነቀነቅሁ። ዛሬም ቁርኣን ቢያቀርቡልኝ ያንኑ እምላለሁ፤ ሬሻድ ለብቻው የሚጠጣው ያችኑ የጠዋቷን ነውና። ከዚያ በኋላ ያለው ግን የሬሻድ ቡና አይደለም፣ የጠያቂ ነው። ሰው በታመመ ማግሥት ሠፈሩ መግባት ይጀምራል። ጣሪያ ሠሪው ጎረቤታችን ባይሮ ገና ጸሐይ ሳትሞቅ ይመጣል፤ የድሮ የአውቶቡስ ጓደኞቹ ቀጥለው ይመጣሉ፤ የወንድሙ ሚስት ከገጠር ዶሮ አንጠልጥላ ከተፍ ትላለች። ለእያንዳንዱ የቡና ማፍያው ጀዝቫ እሳት ላይ ይጣዳል፣ ስኒው ይደረደራል፣ ስኳሩ ይቀርባል። እንግዳ ብቻውን ጠጥቶ ይሂድ? ሬሻድ አብሮ ይቀምሳል። ይህን ደግሞ በእኛ ሠፈር ማንም ቆጥሮት አያውቅም፤ በቀን ስንት ጊዜ ሰላም እንዳለ የሚቆጥር ሰው አለ እንዴ?

ሁለተኛ፣ ስለ ደም ምርመራዎ አመሰግናለሁ። በአንድ ማክሰኞ ወደ ቢሮዎ አስጠሩን፤ ተማሪዎችዎ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፣ ለእኛ ወንበር አልተገኘም። የሬሻድን ሚስጥራዊ ቁጥር ከፍታችሁ ባዶ እንክብል የሚወስደው ወገን ውስጥ ሆኖ አገኛችሁት፤ ደሙ ግን፣ እርስዎ እንዳሉት፣ ፈረስ የሚያስጨፍር ካፌይን አለበት። ምን ይደረግ ታዲያ? አንድ ሰው "ጠያቂ ይበዛባችኋል?" ብሎ ቢጠይቅ ነገሩ በዚያው ያልቅ ነበር። እርስዎ ግን፣ የተማረ ሰው ነዎትና፣ የሚከተለውን ጠየቁ።

"የማንን እንክብል ነው የሰረቁት?"

ሬሻድ መጀመሪያ የሚቀልዱ መስሎት ሳቀ። ተሳፋሪ የረሳውን ጃንጥላ ቤት ለቤት ዞሮ ሲመልስ የኖረ ሰው ነው። ሳቁ ሲያልቅ "ዶክተር፣ እኔ የሰው ነገር አልነካም" አለዎት።

"ደም አይዋሽም" አሉት።

"ደሜም አልዋሸም፣ እኔም አልዋሸሁም" አለ።

ከተማሪዎችዎ አንዷ አፏን በእጇ ሸፈነች። ስሟን አላውቅም፤ የሚያልፍላት ሐኪም እንደምትሆን ግን ከአሁኑ እመሰክርላታለሁ።

ሦስተኛ፣ እዚህ ላይ ምስጋናዬ ከመጠን ስላለፈ ቃል ቢያጥረኝ ይቅር ይበሉኝ። ሬሻድን ከጥናቱ አስወጡት። በዚያው ደግሞ የፊታችን ሐሙስ የነበረውን ኤም አር አይ ሰረዙበት። ቀጠሮው የሚመለስለት "ሐሰተኛ መረጃ ሰጥቻለሁ፣ የሌላ በሽተኛ መድኃኒትም ወስጃለሁ" የሚል ጽሑፍ ሲፈርም ብቻ ነው አሉን። ካልፈረመ እንደማንኛውም ሰው ወረፋ ይያዝ ተባለ፤ ወረፋው የሚደርሰን በረዶ ከጣለ በኋላ ነው። ዕጢው ግን ወረፋ አይይዝም፣ ክቡር ፕሮፌሰር። ግራ እግሩ መጎተት ጀምሯል። በቀደም ዕለት የልጃችንን ባል ስም ጠፍቶበት፣ ልጁ ፊቱ ተቀምጦ ሳለ፣ "አንተ… አንተ…" ሲል ቆየና አፍሮ ወደ መስኮቱ ዞረ። ፈራሁ። ይህን በጋዜጣ ላይ መጻፍ አይከብደኝም፤ በጣም ፈርቻለሁ።

ስለፈራሁም ፈርምላቸው አልኩት። "ምን አለበት? እኛ እውነቱን እናውቅ የለ? ፈርምና ያንሡህ፣ በሞቴ!" ብዬ ለመንኩት።

"ሙኔቬራ" አለኝ፣ "ፈርሜ ብሞት ሌባ ሆኜ ነው የምሞተው። ሳልፈርም ብሞት ግን ሬሻድ ሆኜ ነው። ይልቅ ተነሺና ጀዝቫውን ጣጂ፣ ባይሮ እየመጣ ነው።"

ተነሥቼ ጣድኩ። ከዚያ ወዲያ ስለ ፊርማ ቃል አልተነፈስኩም።

አምስተኛ፤ አራተኛውን የዘለልኩት ጸሐፊዎ በስልክ የመለሱልኝን የሚመለከት ስለሆነና ጋዜጣውን ልጆችም ስለሚያነቡት ነው። አምስተኛ፣ ስለ ጥያቄው ምንጭ አመሰግናለሁ። ጥያቄዎቹ ከሩቅ አገር መጥተው ቃል በቃል እንደተተረጎሙ ሰምቻለሁ። በዚያ አገር በሽተኛ ብቻውን ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ከትልቅ የወረቀት ኩባያ የሚጠጣ ይመስለኛል፤ አሳዘነኝ። ለእነርሱ ጥያቄው ትክክል ይሆናል። እኛ ጋ ሲደርስ ግን መታመም ማለት ሠፈሩ በሙሉ ሊያጠጣህ መምጣት ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ሊጨምርበት ይገባ ነበር። ያ ሰው ደግሞ እዚሁ የተወለደ፣ እዚሁ ያደገ፣ የዚሁ ከተማ ልጅ ሊሆን ይችል ነበር። ስም አልጠራም።

ነገሩ የሬሻድ ብቻ እንዳይመስልዎ ደግሞ ትንሽ ደከምኩልዎ። እንክብል ለመቀበል የሚመጡትን በሽተኞች በተቋምዎ የመጠበቂያ ክፍል ተቀምጬ አገኘኋቸው፤ ዘበኛው ለሁለተኛ ጊዜ እስኪያስወጣኝ ድረስ። ወይዘሮ ካታ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ የሚኖሩ ናቸው፤ በሻሽ ያሰሩት የቀዶ ጥገና ጠባሳ ጆሮአቸው ድረስ ይወርዳል።

"ስንት ስኒ ነው ያሏቸው?" አልኳቸው።

"አንድ።"

"ከጠያቂ ጋር የሚጠጣውስ?"

"እሱ ደሞ ምኑ ይቆጠራል! እንዴ፣ ሰው መጥቶ ዝም ብዬ ላየው ነው?"

አቶ ሚላዲን ከላይኛው መንደር ናቸው፤ እርሳቸውም አንድ ነው ያሉት። የቤታቸውን በር የሚዘጉት ለመኝታ ብቻ እንደሆነ ግን ሚስታቸው ነገሩኝ። ያገኘኋቸው ሌሎችም እንዲሁ። በዚህች አገር እኛ ሙስሊሞቹም፣ እነ ካታ ካቶሊኮቹም፣ እነ ሚላዲን ኦርቶዶክሶቹም በአንድ ቃል የተስማማንበት ሌላ ነገር ካለ ይንገሩኝና እደሰታለሁ።

እንግዲህ ክቡር ፕሮፌሰር፣ ባዶ እንክብል የሰጧቸው ሰዎች ባዶ አይደሉም። ሲነጋ ጀምሮ እስኪመሽ በካፌይን ሲርሱ የሚውሉ ናቸው። በሚቀጥለው ወር ለታላላቅ ሐኪሞች ጉባኤ የሚያቀርቡት ውጤት በእነርሱ ላይ የቆመ ነው። እኔ ቡና ዕጢ ያድናል አላልኩም፤ ይገድላልም አላልኩም፤ አላውቅም። የእርስዎ ችግር ያወቁ መምሰልዎ ነው። አንድ አይጥ እንኳ ጎረቤት ቢኖረው ኖሮ ይህን ሁሉ አስቀድሞ በነገረዎት ነበር።

ነገሩን ለወይዘሮ ካታ ሳስረዳቸው ከወንበራቸው ተነሡ። እንዲህ ሲሉም ክፍሉ በሙሉ ሰማቸው፦ "ሬሻድ ሌባ ከሆነ እኔም ሌባ ነኝ። እኔንም ያስወጡኝ! ደሜን ለምርመራ አልሰጥም፣ እንክብላቸውንም ወንዝ ውስጥ እጥለዋለሁ!" አቶ ሚላዲን መናገር ከከበዳቸው ቆይቷል፤ እጃቸውን ብቻ አነሡ። ሌሎቹም አነሡ። እነዚህ ሰዎች የገዛ ራሳቸውን ምርመራ ሊያጡ እንደሚችሉ አልጠፋቸውም። እያወቁ ነው ያነሡት። እኔም እዚያው መሐረብ አውጥቼ አለቀስኩ፤ ዘበኛው ያስወጣኝ ያኔ ነው።

ስለዚህ ጥያቄያችን ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው፤ ልመና እንዳይመስልዎ አደራ። የሬሻድ ኤም አር አይ በተቀጠረበት ሐሙስ ይነሣል። ሌባ በተባለበት ቢሮ፣ በዚያው ግድግዳ ሥር የነበሩት ተማሪዎች ባሉበት፣ ይቅርታ ይጠየቃል፤ በዚህኛው ዙር ወንበር ቢዘጋጅ እግሩ ስለሚያመው ደስ ይለናል። ሁሉም በሽተኛ እንደገና ይጠየቅ፤ ጠያቂዎቹም አብረው ይቆጠሩ። ይህ ካልሆነ ሐሙስ ጠዋት የጥናቱ በሽተኞች በሙሉ፣ መራመድ የቻለው በእግሩ፣ ያልቻለው በባይሮ መኪና፣ ደጅዎ ላይ እንገኛለን፤ እንክብል ልንወስድ ግን አይደለም።

በሽተኛ እንዲያርፍ ጠያቂ ይከልከል የሚለውን የተቋምዎን ምክር በተመለከተ፣ ከአክብሮት ጋር፣ ጆሮ ዳባ ልበስ ብያለሁ። ጀዝቫዬ ከእሳት አይወርድም። ሬሻድ ስም በጠፋበት ቀን አንድ በአንድ እየገባ ስሙን የሚነግረው ሠፈሩ ነው፤ ይህን የሚሠራ እንክብል ሲያገኙ ያኔ በሬን እዘጋለሁ።

እስከዚያው ድረስ፣ የሊቅነትዎ ዝና ከከተማችን አልፎ ወንዙን ተከትሎ እስከ ባሕር እንዲወርድ፣ ወንበርዎ እንዳይነቃነቅ፣ ሊፍትዎም እንዲሠራ እየተመኘሁ፣ በታላቅ ትሕትናና ከዚያ በበለጠ እልህ፣

አክባሪዎ
ሙኔቬራ ሶፍቲች
የሬሻድ ሚስት፣ የማንም ሌባ ሚስት ያልሆነች

ደብዳቤውን ከዘጋሁ በኋላ የተጨመረ፦ ዛሬ ከሰዓት ሬሻድን ሊጠይቁ ከመጡት መካከል የተከበሩ እናትዎ ወይዘሮ ሃይሪያ ይገኙበታል፤ ስኳርና ብስኩት ይዘው ነው የመጡት፣ አላህ ይስጣቸው። ሦስተኛዋን ስኒ ሲያስቀምጡ፣ በቀን ስንት ቡና ይጠጣሉ ብዬ ጠየቅኋቸው። "እኔ? አንድ ነው፣ ልጄ" አሉ። ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና እንዲህ አሉ፦ "አባቱ ሲታመም ያን ሁሉ ጠያቂ ትሪ ይዞ ያስተናገደው እሱ ነበር። አሁን እኔ ጋ ሲመጣ ኮቱን ሳያወልቅ በር ላይ ቆሞ ነው የሚሄደው፣ በምን ይወቀው? ሐሙስ የሬሻድን ኤም አር አይ ካላነሡለት እኔ እናቱ ጀዝቫዬን ይዤ ቢሮው እመጣለሁ በይው። እዚያው በተማሪዎቹ ፊት እቀመጣለሁ። ሬሻድን እንዳስወጣው እኔንም ያስወጣኝ።"