ሊጡ እስኪፈራ

ሰፈሩ «እትዬ ቆይ» እያለ የሚጠራቸው እናታችን ከአባታቸው ከባቡር ጣቢያው ትኬት ቆራጭና ከእናታቸው ከብስኩት ጋጋሪዋ በ1940 ዓ.ም. ከጣቢያው ጀርባ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ለወላጆቻቸው አራተኛ ልጅ ነበሩ። ሲወለዱ ባቡር እያለፈ ስለነበር ለቅሷቸውን የሰማ የለም ይባላል፤ እሳቸው ግን «ያኔም ፈርቼ ዝም ብዬ ይሆናል» ይሉ ነበር። ፍርሃታቸውን ደብቀው አያውቁም። ስለዚህ እኛም ዛሬ አስከሬናቸው ፊት ቆመን ደፋር ነበሩ ብለን አንዋሽባቸውም።

አያታችን ለመንገደኛ የሚሸጡትን ብስኩት አሠራር የወረሱት ከገዛ እናታቸው ነው። ዱቄት፣ ቅቤ፣ ስኳር፣ እንቁላል፣ ትንሽ የተፋቀ የሎሚ ልጣጭ፤ ሌላ ነገር አይገባበትም። ሊጡ ይዳመጣል፣ በብርጭቆ አፍ ይቆረጣል፣ መሀሉ በአውራ ጣት ይጫናል። በዚያ ቤት መስፈሪያ የሚባል ዕቃ አልነበረም። የነበረው አንድ ቃል ነው። ሊጡ ታሽቶ ታሽቶ ከሳፋውም ከእጅም መሸሽ ሲጀምር፣ መሀል ላይ ተሰብስቦ ሲኮማተር፣ «ፈራ» ይባላል። እጅ ላይ እየተጣበቀ ያስቸገረው ደግሞ «ደፋር» ነው። ደፋር ሊጥ ምድጃ ሲገባ ይዘረጋል፣ ይፈሳል፤ የፈራ ሊጥ ግን ቅርጹን ይዞ ይወጣል። ጎረቤት በመስኮት እናትና ልጅ «ፈራ ወይ?» «ኧረ ገና ነው፣ ይዳፈረኛል!» ሲባባሉ እየሰማ ቤቱ ውስጥ የሚቀጣ ልጅ ያለ ይመስለው ነበር።

እናታችን በ1948 ዓ.ም. ትምህርት ጀመሩ። ጽሑፋቸው ያማረ፣ ንባባቸው የተስተካከለ ነበር። አራተኛ ክፍል ሳሉ አንድ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ተመልሰው፣ ትሪ ይዘው ከእናታቸው ጎን ቆመዋል። ምድጃው ውስጥ የፈሰሰ ቅቤ ታፍኖ ሲጤስ ቆይቶ ኖሮ፣ አያታችን በሩን ፊት ለፊት ሲከፍቱት እሳቱ ወጣባቸው። እናታችን ያን ቀን ያዩትን ሊነግሩን ሲሞክሩ ሁልጊዜ ከድምፁ ይጀምሩና እዚያው ያቆማሉ። «ዉፍ አለ» ይላሉ፣ ከዚያ እጃቸውን በቀሚሳቸው ይጠርጋሉ። እኛም ከዚያ በላይ ጠይቀን አናውቅም።

አያታችን ተረፉ። ቀኝ እጃቸው ግን ከዚያ ወዲያ አልተጨበጠም፤ የማይጨበጥ እጅ ደግሞ ሊጥ አያሽም። ስለዚህ እናታችን ስድስተኛ ክፍልን እንደጨረሱ ትምህርታቸውን አቁመው ሳፋውን ተረከቡ። ልጅ ታሻለች፣ እናት በግራ እጇ ትከፍታለች፤ ውሉ ይህ ነበር። እናታችን የምድጃውን በር በጣታቸው ጫፍ እንኳ አይነኩም። በሩ ሊከፈት ሲል «ቆይ! ቆይ!» ይላሉ፤ ያለው ሰው ሁሉ ወደ ጎን ዞር ይላል፣ ይሸተታል፣ ይደመጣል፣ ከዚያ ይከፈታል። ልማዱ ከምድጃው አልፎ ወጣ። መንገድ ሲሻገሩ ቆይ፣ ደረጃ ሲወርዱ ቆይ፣ ትኩስ ሾርባ ሲቀርብ ቆይ። የሰፈሩ ሰው ስም ለማውጣት ብዙ አልተቸገረም።

አባታችን ሰዓት ሠሪ ነበሩ። የጣቢያውን ትልቅ ሰዓት ሊጠግኑ መጥተው ብስኩት ገዙ፤ ሰዓቱ ከተጠገነ በኋላም እየተመላለሱ ገዙ። በ1961 ዓ.ም. አያታችን ሲያርፉ እናታችን በቀዘቀዘው ምድጃ ፊት ቆመው «እንግዲህ ማን ይከፍትልኛል?» እያሉ አለቀሱ። ሊያጽናኑ ከመጡት መካከል ሰዓት ሠሪው «እኔ እከፍትልሻለሁ» አሉ። ሽማግሌ የተላከው ለወጉ ያህል ነው፤ ነገሩ ያለቀው እዚያው ነበር።

በ1962 ዓ.ም. ተጋብተው ሦስት ልጆች አፈሩ። ታላቂቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ መካከለኛው፣ ይህን የምጽፈው፣ የአውቶቡስ ሹፌር ነኝ፤ ታናሺቱ ነርስ ናት። «ሌላው ሰው ልጅ አፈራ ይባላል» ይሉ ነበር እናታችን፤ «እኔ መጀመሪያ ፈራሁ፣ ከዚያ አፈራሁ»። አባታችን በሰዓት ያምናሉ፣ እሳቸው በአፍንጫቸው። «ደርሷል፣ ሰዓቱን አይቻለሁ» ሲሏቸው «ሊጥ ሰዓት አያነብም፤ ቆይ!» ይሏቸዋል። አባታችንም ክርክሩ ሲሰለቻቸው ጫፉ የተቆለመመ ረጅም ብረት ሠርተው፣ በሩን ከርቀት እየሳቡ ይከፍቱላቸው ጀመር። የእንጨቱ ምድጃ በጋዝ ኦቨን ከተተካ በኋላም ያ ብረት ከግድግዳው አልወረደም።

በ1981 ዓ.ም. አባታችን በድንገት አረፉ። ኦቨኑ ተዘግቶ ከረመ። ዘመድ ሳይቀር «ፈሪ ለእናቱ» እያለ ይተርባቸው ነበር። እሳቸውም «እኔም እናት ነኝ፤ ታዲያ ለማን ልሁን?» ብለው ይመልሳሉ። አንድ ቀን ለምሳ ከትምህርት ቤት ስንመጣ ሦስታችንንም ከግድግዳው አስጠግተው አቆሙን። ብረቱን አወረዱ። ብረቱ ከኦቨኑ በር ጋር ይንቀጫቀጭ ነበር፤ ድምፁ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። «ቆይ» አሉ፣ ለራሳቸው። ከዚያ ሳቡት። ዉፍ የሚል ነገር አልመጣም። ያን ቀን የበላነው ብስኩት ሥሩ አሮ ነበር፤ ማናችንም ትንፍሽ አላልንም።

ከዚያ በኋላ ለጣቢያው ሻይ ቤት፣ ለትምህርት ቤቱና ለሆስፒታሉ መመገቢያ እየጋገሩ እኛን አስተማሩ፣ ዳሩን፣ ኳሉን፣ የልጅ ልጅ አዩ። አንድም ቀን ሳይፈሩ አልከፈቱትም።

በ2008 ዓ.ም. የመርሳት ሕመም ጀመራቸው። በመጀመሪያ ስም ጠፋቸው፣ ቀጥሎ መንገድ፣ ቀጥሎ የአባታችን ሞት፤ «ያ ሰውዬ ዛሬ አመሸ» ይሉ ነበር። ይህን ሁሉ ቻልነው። አንድ ቀን ግን ታላቅ እህታችን ወደ ማድ ቤት ስትገባ የኦቨኑን በር በባዶ እጃቸው፣ ፊት ለፊት ቆመው፣ እያንጎራጎሩ ሲከፍቱት አገኘቻቸው። ፍርሃታቸውንም ረስተውት ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ሲፈሩልን የኖሩ ሰው መፍራት ሲያቆሙ፣ ፍርሃቱ ሜዳ ላይ አልቀረም፤ ሦስታችን ተካፈልነው። እኔ አውቶቡስ እየነዳሁ የእሳት አደጋ መኪና ጩኸት በሰማሁ ቁጥር ወደ የትኛው ሰፈር እንደሚታጠፍ ሳላይ አላልፍም ነበር።

ክብሪቱን ደበቅን፤ ከጎረቤት ተዋሱ። ጎረቤትን አስጠነቀቅን፤ ሱቅ ሄዱ። በ2010 ዓ.ም. አንድ እሑድ ከታላቅ እህታችን ጋር ልንጠይቃቸው ስንሄድ ሽታው ገና ከበሩ ላይ ተቀበለን። ማድ ቤቱ በጋዝ ታፍኗል። መስኮቱ ዝግ ነው። እናታችን ከኦቨኑ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሳፋው በአንድ ወገን፣ ትሪው በሌላ ወገን፣ በእጃቸው የክብሪት ቀፎ። አንዱን እንጨት አውጥተው ይዘውታል። ሲያዩን ደስ አላቸውና ፈገግ አሉ። እኔ ዘልዬ ልነጥቃቸው ስል እህቴ ሸሚዜን ከኋላ ጨምድዳ ያዘችኝ። ድንገት ካስደነገጥናቸው እጃቸው ምን እንደሚያደርግ አይታወቅም። እሷም ድምፅዋን እንደ ማንኛውም ቀን አድርጋ ጠየቀች።

«እማዬ፣ ሊጡ ፈርቷል?»

እናታችን ወደ ሳፋው ዞሩ። ሳይታይ ሳይነካ መልስ የሚሰጥበት ጥያቄ አይደለምና፣ ክብሪቱን መሬት ላይ አስቀምጠው ሁለት እጃቸውን ሊጡ ውስጥ ከተቱ። እኔ ክብሪቱን አነሳሁ፤ እህቴ ሲሊንደሩን ዘጋች፣ መስኮቱንም በሩንም በረገደችው። እናታችን ሊጡን ጫን፣ ለቀቅ አድርገው አዩትና «ኧረ ይሄስ ደፋር ነው» አሉ። ቀና ብለው እህቴን አዩዋት። «ምነው? አንቺ ነሽ እንዴ የፈራሽው?» አሉ። እህቴ እዚያው ዱቄት የተበተነበት ወለል ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። እኔ ክብሪቱን ደጅ አውጥቼ ውሃ ውስጥ ነከርኩት።

በዚያ ሳምንት ተጣላን። እኔ ኦቨኑ ይሸጥ አልኩ፤ ነርሷ እናታችን የሚጠበቁበት ቦታ ይግቡ አለች። ታላቂቱ «ሊጡን ከነጠቅናቸው ምን ይቀራቸዋል?» ብላ በሁለታችንም ላይ ጮኸች። እሷው አሸነፈች። ኦቨኑ ከቦታው ሳይነሳ ሲሊንደሩ ብቻ ወጥቶ እኔ ቤት ተቀመጠ። እናታችን ጠዋት ጠዋት ያሻሉ፣ በአውራ ጣታቸው ይጫናሉ፤ እህታችን ትሪውን ተሸክማ ጥግ ላይ ያለው ዳቦ ጋጋሪ ዘንድ ታስጋግራለች። ራሷ ግን ከዚያ እሑድ ወዲህ የኦቨን በር መክፈት አልቻለችም። በዘር ይተላለፋል መሰለኝ።

እናታችን በቅርቡ ሳንባቸውን ታመው ሆስፒታል ገቡ። ከእኛ ማንንም መለየት አቁመው ነበር። ታላቅ እህታችን እጃቸውን ይዛ ተቀምጣ ሳለ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። እናታችን ዓይናቸውን ሳይገልጡ መዳፏን ዳበሱት፤ መሀሉንም፣ ብስኩት እንደሚጫኑት፣ በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉት።

«ፈራሽ?» አሏት።

«አዎ እማዬ፣ ፈራሁ።»

«በይ እንግዲያው ደርሰሻል።»

ከዚያ በኋላ የተናገሩትን የሰማ የለም። ታኅሣሥ 11 ቀን 2015 ዓ.ም. ጠዋት በተወለዱ በሰባ አምስት ዓመታቸው ዐረፉ።

ዛሬ ማለዳ እህታችን ሲሊንደሩን አምጣልኝ አለችኝ። አመጣሁላት። ሊጡን ራሷ አሽታ፣ እኔን፣ ታናሺቱን፣ ልጆቻችንንም ሁሉ ከግድግዳው አስጠግታ አቆመችንና የአባታችንን ብረት አወረደች። ብረቱ እንደ ያኔው ይንቀጫቀጭ ነበር። «ቆይ» አለች። ከዚያ ሳበችው። ስትወጡ ከበሩ ላይ በቆርቆሮ የሚቀርብላችሁ ብስኩት ያ ነው። ሥሩ ትንሽ አሯል፤ ማንም ትንፍሽ እንዳይል አደራ።

እናታችን የሦስት ልጆች እናት፣ የሰባት ልጆች አያት ነበሩ። ከታናሽ ወንድማቸው በቀር እህትና ወንድሞቻቸው ቀድመዋቸዋል። በሕመማቸው ጊዜ ላስታመማችሁ፣ ክብሪት ሲጠይቋችሁ በዘዴ ሻይ እያፈላችሁ ላቆያችኋቸው ጎረቤቶች፣ ትሪያችንን ከራሳችሁ ዳቦ ላስቀደማችሁት ጋጋሪዎች፣ ውለታችሁን ፈጣሪ ይክፈላችሁ።

አምላክ ነፍሳቸውን የሚያስፈራ ነገር በሌለበት ያሳርፍልን። እዚያም በር ካለ አይጨነቁ፤ የሚከፍትላቸው ሰው ቀድሟቸው ሄዷል።