በዌብሳይቱ ላይ ያለው መጋረጃ

ደሴ፣ ሰኞ ገበያ፤ ግንቦት 2006 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለእትዬ መዲና፤ የአላህ ሰላምና እዝነት ጅዳ ድረስ ይድረስዎ። እኔም፣ ልጆቹም፣ ወንድምዎ በሺርም አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

የመጋረጃ ሱቃችን ዌብሳይት ወጣለት! የሚሠራው ሰው ኮምቦልቻ ስለሆነ በሺር ሁለት ወር ሙሉ በየሐሙሱ ሲወርድ ከረመ። ፎቶ እናስነሣለን ይላል፤ መኪና አጣሁ ብሎ እዚያው ያደረበትም ቀን አለ። የመጋረጃ ፎቶ ይህን ያህል ሥራ እንዳለው አላውቅም ነበር። እኔ ሰፊ ነኝ፣ ምን አውቃለሁ።

ትናንት ኢንተርኔት ቤት ገብቼ አየሁት። «በደንበኞቻችን ቤት» ከሚለው ሥር የአንድ መኝታ ቤት ፎቶ አለ። መጋረጃው የእኔ ስፌት ነው፤ ለማን እንደተሸጠ ግን በሺር አልነገረኝም። አጠገቡ ምስማር ላይ አረንጓዴ ሽርጥ ተሰቅሏል። ለዒድ ለበሺር የላኩለትን ይመስላል። እሱ ግን ሽርጡ መስጊድ ውስጥ ጠፋብኝ ብሎኝ ነበር።

እትዬ፣ ያን ሽርጥ ሲገዙ ለሌላ ዘመድም ልከው ነበር? ስልክ አይደውሉ፤ የሚያነሣው በሺር ነው። ሁለት ገዝተው ከሆነ ቶሎ ይጻፉልኝ። አንድ ብቻ ከሆነ ግን ለመልሱ አይድከሙ።

አላህ በሰላም ያገናኘን።

የወንድምዎ ሚስት፣ ቢልቂስ