ልጅ ከሆነች ምሳ ትብላ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ? ቁርጥማቱ ለቀቅ አደረገዎት ወይስ አሁንም ደረጃ ሲወጡ ግድግዳውን ይደገፋሉ? እማዬስ እንዴት ናት? ደም ግፊቷን ትለካለች ወይስ እንደ ልማዷ «እኔ ደኅና ነኝ፣ ሌላውን ጠይቁ» እያለች ታመልጣለች? ወንድሜስ፣ ትንሿስ፣ ቤቱስ፣ ጎረቤቱስ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደኅና ነኝ፤ አምላክ ይመስገን። የካውያው እንፋሎት እጄን ትንሽ ቢያደርቀውም በእሱ ራሴን አስተዳድራለሁ፤ አላማርርም።

ሰላምታዬን እዚህ ላይ ላሳጥረው፣ ይቅር ይበሉኝ፤ አንጀቴ አርሯል። ደብዳቤዎን ካነበብኩ ወዲህ እህል አልወርድ ብሎኛል። ስልክ ደውዬ ልጮህ ነበር። ነገር ግን ድምፅ ከፍ ሲልብዎት «መስመሩ ተበላሸ» ብለው እንደሚዘጉ አውቃለሁ። ደብዳቤ አይዘጋም። አጥፈው ኪስዎ ቢከቱትም እማዬ አውጥታ ታስነብብዎታለች።

አንዲት «የጸሎት ሴት» ትንሿን እህቴን እንደ ልጅዋ ልታኖራት እንደምትፈልግ፣ የእናንተ መጋቢ ጉዳዩን ይዞ ቤታችን ድረስ እንደመጣ፣ እርስዎም «እግዚአብሔር በር ከፈተ» ብለው እሺ እንዳሉ፣ ወረቀቷ አልቆ በሚመጣው ወር መጨረሻ እንደምትሳፈር ጽፈውልኛል። የማን ቤት እንደምትገባም ነግረውኛል። አባባ፣ ያቺን ቤት አውቃታለሁ። መልሴ አንድ ነው፤ አይሆንም! ይቆጡኝ፣ ይርገሙኝ፣ ልጄ አይደለሽም ይበሉኝ፤ ትንሿ እዚያ ቤት አትገባም። ለምን እንደሆነ እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ።

ሴትዮዋን ከዚህ በኋላ «እሷ» እያልኩ ነው የማወራት፤ አንቱታዬን ለእርስዎ ቆጥቤያለሁ። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ የፊተኛው ወንበር የእሷ ነው። ስትጸልይ ጣሪያው ይነሳል። የድምፅ ማጉያውን የገዛችው እሷ ስለሆነች ከሁሉ በላይ የሚሰማውም የእሷ ድምፅ ነው። ከወንበሩ ጫፍ ደግሞ ሰማያዊ ቀሚስ የለበሰች ወጣት የሴትዮዋን መንትያ ልጆች አቅፋ ትቀመጣለች፤ የአገራችን ልጅ ናት። በምስክርነት ሰዓት ሴትዮዋ ትነሳና «እኔ ቤት ሠራተኛ የለም፤ እሷ ለኔ እንደ ልጄ ናት» ትላለች። ጉባኤው «አሜን!» ይላል። የኛ ጉባኤ ምን ቢባል አሜን የሚል ጉባኤ ነው። አንድ ቀን መጋቢው «መውጫውን የዘጋችሁ መኪናችሁን አንሱልን» ሲል እንኳ አሜን ያለ ሰው አለ።

እኔ የምሠራበት ላውንደሪ የሴትዮዋን ቤት ልብስ ሁሉ ያጥባል፤ መተኮሱ የኔ ነው። ሰኞ ሰኞ ጥቅሉ ሲመጣ ሰማያዊው ቀሚስ አብሮ ይመጣል። ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ላስቲኩን ለብሶ መስቀያ ላይ ይንጠለጠላል። ሌላው ልብስ ረቡዕ ይሄዳል፤ ቀሚሱ ግን እስከ ቅዳሜ እኛው ጋ ነው። «እሱን አትቸኩሉበት፣ ለእሑድ ይድረስልኝ» ብላ አዝዛለች። ወሬ ስለማታቋርጥ ራዲዮ የምንላት የሥራ ጓደኛዬ አንድ ቀን ቀሚሱን በጣቷ እየጠቆመች «ቆይ፣ ይቺ ልጅ በሳምንቱ ምን ትለብሳለች?» አለች። ካውያውን አስቀመጥኩት። ከዚያ ሁሉ ጥቅል ውስጥ ሌላ የእሷ የሆነ ጨርቅ አይተን አናውቅም። የውሻው ብርድ ልብስ እንኳ ይመጣል።

አንድ ረቡዕ ሾፌራችን ታሞ ቀረና ጥቅሉን እንዳደርስ እኔ ተላክሁ። ቀሚሱንም አንስቼ ሄድኩ፤ ነገሩ ከንክኖኝ ነበር። የግቢው በር ገርበብ ብሏል፣ የቤቱ በር ግን ከውጭ ተቆልፏል። ባንኳኳ መልስ የለም። በጓሮ ስዞር የወጥ ቤቱን መስኮት አገኘሁ፤ ከብረት ፍርግርጉ ጀርባ ያቺ ልጅ ቆማለች። የባልየውን አሮጌ ፒጃማ ለብሳ ወገቡን በገመድ አስራዋለች። ቀሚሱን እጄ ላይ ስታይ ፊቷ ፈካና «እሑድ ሆነ እንዴ?» አለችኝ።

አባባ፣ ረቡዕ ነበር እኮ! ልጅቷ ቀኑን የምታውቀው በቀሚሱ ነው።

እኔ ከውጭ እሷ ከውስጥ ቆመን አወራን። ፓስፖርቷን ገና ስትደርስ «ላስቀምጥልሽ» ተብላ ሰጥታለች። ጫማዋም ሳይቀር ሴትዮዋ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ደሞዟ «እየተጠራቀመልሽ ነው» ይባላል እንጂ አንድም ቀን እጇ ገብቶ አያውቅም። የምትተኛው ዕቃ ቤት ውስጥ፣ በመጥረጊያና በባልዲ መካከል ነው። የዕረፍት ቀን የሚባል የለም፤ ቤተ ክርስቲያን መምጣቷም ሥራ ነው፣ መንትዮቹን ለመያዝ። እናቷ ስትደውል ሴትዮዋ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ ፊት ለፊቷ ትቆማለች፤ ልጅቷም «ደስ ብሎኛል እማዬ፣ አታስቢ» ትላለች። ለምን ለጉባኤው አልተናገርሽም ብላት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «እናንተማ አሜን ትላላችሁ፤ ለማን ልናገር?» መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «ብወስድሽ ትመጪያለሽ?» አልኳት። ፍርግርጉን ይዛ «ብቻዬን እግሬ አይታዘዝልኝም። አንቺ በሰው ፊት ከጠራሽኝ ግን እነሳለሁ» አለችኝ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ እኛው መጋቢ ሄድኩ። በትዕግሥት ሰማኝ፤ ሻይም ቀዳልኝ። ከዚያ «እህቴ፣ የሰው ቤት ገመና ነው። እሷ ደግሞ የቤተ ክርስቲያናችን ምሰሶ ናት። በጸሎት እንያዘው» አለኝ። ጸሎት ጠልቼ አይደለም አባባ፤ ያስተማሩኝን ጸሎት አንድ ቀን አልተውኩም። ግን በር ለተቆለፈባት ልጅ የሚያስፈልጋት ቁልፍ ነው! ሙሴ ፈርዖን ፊት ሄዶ ቆመ እንጂ ቤቱ ቁጭ ብሎ በጸሎት እንያዘው አላለም። ይህን ታሪክ ልጅ ሆኜ እየደጋገሙ የነገሩኝ እርስዎ አይደሉም? ባሪያዎችን ነፃ ስላወጣ አምላክ ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉም? እኔ ሞኟ የእውነት መስሎኝ አመንኩት። ሻዩን ሳልጠጣ ወጣሁ።

ራዲዮ ወሬዋ ብቻ አይደለም፣ ሰውም ታውቃለች። የሠራተኞች ጉዳይ ቢሮ ወዳለች ሴት ወሰደችኝ። የቢሮዋ ሴት «ልጅቷ በገዛ አፏ ትናገር እንጂ ከዚያ ወዲያ ያለው የኔ ሥራ ነው፤ ብቻ ከዚያ ቤት ትውጣ» አለችን። ከዚያ ቤት የምትወጣው ደግሞ እሑድ ብቻ ነው፤ እሱም በሴትዮዋ መኪና፣ ከሴትዮዋ ጎን። ራዲዮና እኔ ካውያ እየገፋን ስንመክር ሰነበትን።

እሑድ በምስክርነት ሰዓት ሴትዮዋ እንደ ልማዷ ተነስታ «እንደ ልጄ ናት» አለች፤ አሜን ተባለ። እኔ ብድግ አልኩ። ድምፄ እንደ እርስዎ ድምፅ ወጣልኝ። «እህቴ፣ እንዲህ ያለች ልጅ ስላለችሽ ደስ ብሎናል። ዛሬ ታዲያ እኔ ቤት ምሳ ልጋብዛትና ትምጣ» አልኩ። ሴትዮዋ ፈገግ ብላ «ዛሬ ደክሟታል፣ ሌላ ጊዜ» አለች። ይኼኔ አብራኝ የመጣችው ራዲዮ ከኋላ ወንበር፣ ያለ ምንም ማጉያ፣ «ልጅ ከሆነች ምሳ ትብላ!» ብላ ጮኸች። ጉባኤውም፣ ይባረክና፣ ሳያስብበት በአንድ ድምፅ «አሜን!» አለ። በሕይወቴ እንደዚያ የጣመኝ አሜን የለም። ሴትዮዋ ዞራ ብታይ ሁሉም ጥርሱን ገልጦ ይጠብቃታል። እምቢ እንዳትል የስንት ጊዜ ምስክርነቷ ገደል ሊገባ ነው። «ነይ እንሂድ» አልኳት ልጅቷን። መንትዮቹን ከጭኗ አውርዳ፣ ግንባራቸውን ሳመችና ተነሳች። እጄን አጥብቃ ይዛ፣ ወደ ኋላ ሳታይ ወጣች።

ምሳውንም በላች፤ ደግማም አስጨመረች። በማግስቱ ቢሮው ገብታ ሁሉንም በገዛ አፏ ተናገረች። ፓስፖርቷ በፖሊስ ተጠይቆ ተመለሰላት፤ የደሞዟ ነገር ገና በክርክር ላይ ነው። አሁን እኔው ጋ ናት። አልጋው ጠባብ ነው፣ በእንቅልፏም ትራገጣለች፤ እሱስ ይሁን። የማልችለው ሌላ ነው። «ሽንት ቤት ልሂድ?» ብላ ታስፈቅደኛለች አባባ! ያደገች ሰው! ይህን በሰማሁ ቁጥር ያንን የጋለ ካውያ አንስቼ አንድ ሰው ላይ ልወረውር ያምረኛል፤ አምላክ ይቅር ይበለኝ።

ሴትዮዋ ላውንደሪው በር ላይ መጥታ «ልጄን ሰረቀችኝ!» ብላ ጩኸቷን አቀለጠችው። ሌባ ራሱ «ሌባ! ሌባ!» እያለ ሲጮህ ሰምተው ያውቃሉ? ባለቤቱ ደንበኛ ሊቀርበት ነውና ሊያባርረኝ ዳድቶ ነበር፤ ራዲዮ «እሷ ከወጣች እኔም አልቀመጥም» ስትለው የተቆለለውን አንሶላ አየና ዋጥ አደረገው። መጋቢው ከመዘምራን አግዶኛል። ይቅርታ ካልጠየቅሁ አልመለስም፤ ይቅርታ ደግሞ አልጠይቅም። ከኋላ ወንበር ሆኜ እዘምራለሁ፣ ጉሮሮዬን አላገዱትም። ከጉባኤው ግማሹ ሰላም አይለኝም። በር ላይ የሚቆሙት አዛውንት አስተናጋጅ ግን ወፍራም ብርድ ልብስ ተሸክመው የክፍሌን ደረጃ እያለከለኩ ወጡና «ለልጅቷ ነው» ብለው አስቀምጠው ሄዱ። ቁጭ በሉ ብንላቸው አሻፈረኝ አሉ።

ሴትዮዋ አፍራ የተቀመጠች መሰለዎት? አዲስ «ልጅ» ፍለጋ ወጣች! በእኛው መጋቢ በኩል ለእናንተ መጋቢ ተላከ፤ «ትሑት፣ ታዛዥ፣ ከአማኝ ቤተሰብ» ተባለ፤ ከስንቱ ቤት መርጦ እኛ ደጃፍ ላይ ወደቀ። አባቴ መሆንዎን አታውቅም፤ ብታውቅማ በዚያ መንደርም ባላለፈች። «ከአማኝ ቤተሰብ» የምትለው ለምን እንደሆነ ገባዎት? የአማኝ ልጅ አትጮህም፣ ብትጮህም አባቷ «ታገሺ፣ ጸልዪ» ይላታል ብላ ነው። በእምነታችን ነው የምትቆልፍባት! እኔን ያንገበገበኝ ይህ ነው።

እርስዎም አናደውኛል፣ አልደብቅዎትም። «ትንሿ ከሄደች ለእኛም ያልፍልን ይሆናል» ብለው ጽፈዋል። የቤታችን ችግር ጠፍቶኝ አይደለም፤ ጣሪያው የት የት እንደሚያፈስ እዚህ ሆኜም አውቀዋለሁ። ግን «እንደ ልጅ ትይዛታለች» ማለት ምን ማለት ነው? እሷ እንደ ልጅ ሳትሆን ልጅ ናት፤ ያውም የእርስዎ! ልጅ የፈለገ ይውለድ። ሠራተኛ የፈለገ ደሞዟን ይክፈላት፣ የበሩንም ቁልፍ ይስጣት።

ስለዚህ ዛሬ ነገ ሳይሉ ለመጋቢያችሁ እምቢ ይበሉልኝ። እምቢታው ብቻም አይበቃም። ትንሿ ብትቀር የጎረቤት ልጅ ትላካለች፤ ሴትዮዋ እንደሆን የምትመጣላት ልጅ እጅና እግር ይኑራት እንጂ ማንም ትሁን ግድ የላትም። እሑድ ይነሱና በዚያ አገር በሚያውቀው ድምፅዎ ይህን ሁሉ በጉባኤው ፊት ይናገሩት። ሊያኮርፉዎት ይችላሉ። ከቤተ ክርስቲያኑ ሽምግልና ሊያወርዱዎትም ይችላሉ። ያውርዱዎት! ከዚያ ወንበር ይልቅ የሰው ልጅ ይበልጣል።

እማዬን ጉልበቷን ስሜያለሁ ይበሉልኝ፤ መድኃኒቷን ካልዋጠች ራሴ መጥቼ አፍንጫዋን ይዤ አስውጣታለሁ። ወንድሜን፣ ትንሿን «ባለዕድል» እያለ ማሾፉን ይተው ይበሉልኝ፤ ሰላምታዬም ይድረሰው። አክስቴን ሹራቡ ደርሶኛል፣ እጅሽ ይባረክ ይበሉልኝ፤ የለበሰችው ግን እኔ ጋ ያለችው ልጅ ናት፣ እንዳትቀየመኝ። ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊውን ሰላም ይበሉልኝ፤ ሴቶች ልጆች አሉትና ይህን ደብዳቤ ያንብቡለት።

የመጨረሻው ለትንሿ ነው፤ አባባ፣ እዚህ ሲደርሱ ወረቀቱን ለእሷ ይስጧት።

እህት ዓለም፣ ሴትዮዋ ለመጋቢው ነገረች፣ መጋቢው ለመጋቢ ጻፈ፣ መጋቢው ለአባባ፣ አባባ ለኔ፤ እኔም ይኸው ስለ አንቺ ይህን ሁሉ ገጽ ለአባባ ሞላሁ። አንዳችንም አንቺን አልጠየቅንሽም። ያቺ ቤት አትሆንም፤ በእሱ አልደራደርም። ከዚያ ወዲያ ግን አንቺ ራስሽ ምን ትፈልጊያለሽ? በገዛ እጅሽ ጻፊልኝ፤ ለማንም ሳታሳዪ አሽጊና ላኪው። አባባ፣ እርስዎም እንዳይከፍቱባት።

አክባሪ ልጅዎ

ከላውንደሪው በላይ ካለችው ክፍሌ
ኅዳር ፲፱ ቀን