ዝም ያለ ሁሉ የዳነ ለሚመስላቸው ኃላፊ

ለተከበሩ የጤና ተቋማችን ኃላፊ፦

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም ቤተሰብዎም በሰላም ውላችሁ በሰላም እንድታድሩ፣ ጤናዎም እንደተቀመጡበት ወንበር የጸና እንዲሆን አላህን እለምናለሁ። እኔ ውጫሌ ገበያ ጨርቅ የምሸጥ፣ የአርዲቦ ሐይቅ ዳር ልጅ፣ ራህመት ይመር ነኝ። በስሜ ባያስታውሱኝ አልቀየምም፤ ቢሮዎ ደጃፍ ቆሜ የዋልኩባቸውን ቀናት ጸሐፊዎ ታስታውሳቸዋለች። በአደባባይ መጻፌም በሩ ስላልተከፈተልኝ እንጂ ክብርዎን ንቄ አይደለም።

ነገሩ የታናሽ ወንድሜ የማህዲ ነው። ማህዲ እኔ ሱቅ በር ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ የሚሠራ ልብስ ሰፊ ነበር። ሀኒያ የምትባል የሐይቅ ከተማ ልጅ አጭቶ ሠርጉን ሲጠብቅ ሳለ፣ እኛ የማንሰማው ድምፅ ይሰማው ጀመር። ድምፁ በስሙ እየጠራ ይሰድበው ነበር። ምግቡ የተመረዘ እየመሰለው ጾሙን አደረ፣ መስኮቱንም በምስማር መታው። ዱዓ አስደረግን፤ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም ጠበል ይሞከር አሉን። በመጨረሻ እርስዎ ወደሚመሩት ተቋም አመጣነው። ዋለ የሚባለው ነርስ በሽታው ስኪዞፍሬኒያ መሆኑን አስረድቶን በየወሩ የሚወጋውን መርፌ ጀመረለት።

ውለታ አልክድም፤ መርፌው ሠርቷል። አንድ ማለዳ ወንድሜ እየተጣጠበ ቀና ብሎ «ራህመት፣ ዛሬ ማንም አልጠራኝም» አለኝ። ከዚያች ቀን የበለጠ ደስታ አላውቅም። መድኃኒቱ ግን ድምፁን አስወጥቶ መንቀጥቀጥ አስገባበት። አንገቱ ተገተረ፣ ለሃጩ ተዝረከረከ፣ እጁ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር መስደድ አቃተው። ነርስ ዋለ ይህ የሚያጋጥም ነው ብሎ መንቀጥቀጡን የሚያረጋጋ ክኒን ጨመረለት፤ እጁም ተመልሶ ረጋ። እንግዲህ ለእርስዎ ያለኝ ምስጋና ከዚህ ይጀምራል።

አንደኛ፣ ያችን ክኒን ስላስቀሩልን አመሰግናለሁ። ሱሰኞች እየገዙ ይሰክሩባታል ብለው ለማንም እንዳትሰጥ አዘዙ ተባልን። ጥሩ ጥበብ ነው፤ አንድ ሌባ ጫማ ሰርቆ ሲሮጥ ከታየ አገሩ በሙሉ ባዶ እግሩን ይሂድ።

ሁለተኛ፣ የማህዲ እጅ እንደገና ሲንቀጠቀጥ፣ እግሩም አላስቀምጥ ሲለው፣ ነርስ ዋለ ይዞን ቢሮዎ ገባ። ወይ የመርፌው መጠን እንዲቀነስ፣ ወይ ሌላ ዓይነት መድኃኒት እንዲታይለት ወደ ደሴ እንዲላክ ለመነዎ። እርስዎ ወንድሜን ከላይ እስከ ታች አዩት። በዚያን ሰዓት ጉልበቱን በሁለት እጁ ተጭኖ ይዞ እንዳይነሳ ከራሱ ጋር ይታገል ነበር። «ዝም ብሎ ተቀምጧል፤ ከዚህ በላይ ምን መዳን አለ?» አሉን። ማህዲ ሰምቶዎታል። በዚህ መለኪያ ከሆነ ከመቃብር ስፍራችን የሚበልጥ የተሳካ የሕክምና ማዕከል በአምባሰል የለም፤ እዚያ ያሉት ሁሉ ድነው፣ ዝም ብለው ተኝተዋልና።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ይረዝማል፤ ይታገሱኝ። ማህዲ ከዚያ በኋላ ወደ እናንተ እሄዳለሁ እያለ ከቤት ወጥቶ ሐይቁ ዳር ተቀምጦ ይመለስ ነበር። መርፌውን እንዳቋረጠ አላወቅንም። መንቀጥቀጡ ለቀቀው፣ ሳቁ ተመለሰ፣ ለሀኒያ የሠርግ ቀሚስ በገዛ እጁ ሰፋ። ዳነልን ብለን ነበር። ዒድ ሲቃረብ ግን ድምፁ ተመለሰ፤ የሰፋኸው ሁሉ ከፈን ነው፣ የለበሰው ሁሉ ይሞታል አለው። ወንድሜም ሰው ለማዳን ብሎ መቀሱን አንስቶ ደንበኞች ለዒድ ያሰፉትን ልብስ አንድ ሳያስቀር ተለተለው። የሀኒያንም ቀሚስ። የገበያው ሰው በዱላ ወረደበት። ስደርስ መሬት ላይ ወድቆ፣ ቀኝ እጁን እየረገጡት፣ የሚመቱትን ሰዎች ይለምን ነበር፦ «አትልበሱት፣ ትሞታላችሁ።»

ያኔ ያለ እርስዎ ፈቃድ ደሴ ወሰድነው። እዚያ በመርፌው ፋንታ ሌላ ክኒን ሰጡት። ድምፁ ጠፍቷል፣ መንቀጥቀጥም የለበትም። ይህኛውም እንከን አያጣም፤ ይርበዋል፣ ሰውነቱ ሰፍቷል፣ እንቅልፉ ከብዷል። ልዩነቱ ሐኪሙ ይመዝነዋል፣ ደሙን ያያል፣ ምን እንደሚሰማውም የሚጠይቀው ራሱን ማህዲን ነው። የተሰበሩት ጣቶቹ ግን ጠማማ ሆነው ገጥመዋል፤ አይታጠፉም። ክር የሚይዝበት እጅ የለውም። የሀኒያ አባት ሽማግሌ ልኮ እጮኝነቱን አፈረሰ። እሷ እያለቀሰች እንደሄደች ሰምቻለሁ፤ ለማህዲ አልነገርኩትም።

አራተኛ፣ የአእምሮ ጤና ቀን ሲከበር ወንድሜን መድረክ ላይ አውጥተው፣ ትከሻውን አቅፈው፣ በተቋማችን ሕክምና የዳነ ብለው ስላስጨበጨቡለት አመሰግናለሁ። ፎቶግራፉን በኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል፤ አይቼዋለሁ። ቀኝ እጁን ከክፈፉ ውጭ ማስቀረትዎ ትልቅ ጨዋነት ነው።

ይህን የሚያነብ የታመመ ሰው ካለ በአላህ ስም እለምነዋለሁ፤ መድኃኒትህን በገዛ ፈቃድህ አታቋርጥ። ከከበደህ ተናገር፤ አንዱ ኃላፊ ካልሰማህ ሌላ በር አንኳኳ። የእኛ ወንድም መናገር የተወው ከእርስዎ ቢሮ ከወጣ በኋላ ነው፣ ክቡር ሆይ፤ መርፌውንም የተወው ያኔ ነው።

የእርስዎን ከፍ ያለ ቦታ ከታች ሆና አንገቷ እስኪደክም የምትመለከት፣ ለጭብጨባው የሚሆን ሁለት ጤነኛ እጅ ያላት፣ ግን የማታጨበጭብ፣

ራህመት ይመር
ከውጫሌ

ማስታወሻ፦ የደም ግፊት ክኒንዎ ደረቅ ሳል አምጥቶብዎት፣ በዚያው ቀን በመንግሥት መኪና ደሴ ሄደው በሌላ እንዳስቀየሩት ሹፌርዎ ለገበያው ሁሉ ነግሮናል። እንኳን ተሻለዎ። አንድ ቀን እንኳ ሲያስሉ ቢያድሩ ኖሮ እንዴት እንችለው ነበር?